እውነተኛ ፍቅር በምን ይታወቃል? ከዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የሚገኝ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ሞጆ ከተማ ሲደርስ የመኪናው መንገድ በሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው ወደ አዳማና ከዚያም ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው በቆቃ በኩል አልፎ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ ይወርዳል። ሁለቱም ከአንድ ስፍራ ይነሣሉ፤ ሜዳው አንድ ነው፤ ነፋሱም አንድ ነው፤ በግራና በቀኝ የሚታየውም ማሳ አንድ ነው። ስለዚህ አገሩን የማያውቅ እንግዳ መንገዱን ቢስት ስሕተቱን በመገንጠያው ላይ ቆሞ አያውቀውም። ወደ አዳማ እሄዳለሁ ብሎ ተነሥቶ የቆቃ ሐይቅ ሲታየው ግን፣ ያን ጊዜ ወደ ሌላ አገር በመጓዝ ላይ መሆኑን ይረዳል።

የፍቅርም ነገር እንዲሁ ነው። በጥር ወርና ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሞጆና በአካባቢዋ ከተሞች ሠርግ ይበዛል። ሙሽሮቹ ሁሉ ነጭ ለብሰው፣ በእልልታና በጭብጨባ ታጅበው ሲያልፉ ለተመልካች አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል በእውነት ተፋቅረው የሚጋቡ አሉ። ዕድሜ አለፈ፣ እኩዮች ሁሉ አገቡ በሚለው የዘመድና የጎረቤት ጉትጎታ ተሸንፈው የሚጋቡም አሉ። በደረቅ ወደቡ ደመወዝተኛ የሆነውን ወይም የከባድ መኪና ባለቤት የሆነውን ሰው ወላጆች ስለ ወደዱት ብቻ እሺ የሚሉም አይጠፉም። ደግሞም ማንም ሳያስገድዳቸው የራሳቸውን ምኞት ፍቅር ብለው ሰይመው፣ በሰየሙትም ስም ራሳቸው ተታልለው ወደ ጋብቻ የሚገቡ አሉ። የሦስቱም መነሻ አንድ ስለሚመስል ብዙ ወጣቶች መለያው ምን እንደሆነ አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ለዚህ ጥያቄ በዘመናችን የተለመደው መልስ አጭር ነው። ሰው ራሱ የመረጠው ፍቅር ነው፤ ሌሎች የመረጡለት ግን ፍቅር አይደለም ይባላል። ይህ መልስ እውነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ሙሉ አለመሆኑን ለመረዳት የዐፄ ቴዎድሮስን ሁለት ጋብቻዎች መመርመር ይበቃል። የመጀመሪያው ጋብቻ ሌሎች ለራሳቸው ጥቅም ያቀዱት ነበረ፤ ሆኖም እውነተኛ ፍቅር ሆነ። ሁለተኛውን ንጉሡ ራሳቸው በሙሉ ሥልጣናቸው መረጡት፤ ነገር ግን ለሁለቱም ወገን የሐዘን ቤት ሆነ። ይህስ የሆነው ስለ ምንድን ነው?

ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቀው ኮሶ እየሸጡ እስከ መኖር እንደ ደረሱ በሰፊው ይተረካል። ጠላቶቹም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰደቡት። ካሣ በገዳም ገብቶ ትምህርተ ሃይማኖትን ከተማረ በኋላ ወደ ጦር ሥራ ተመለሰ፤ በቋራ ቈላም ሸፍቶ ብዙ ተከታዮችን አፈራ።

ያ ዘመን ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የሚባል ቢኖርም ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁው ራስ ዓሊና በእናታቸው በእቴጌ መነን እጅ ነበር። እነዚህ ሰዎች የካሣ ኃይል እየበረታ መሄዱን ባዩ ጊዜ በጦር ብቻ ሊያንበረክኩት እንዳልቻሉ ተረዱ። ስለዚህ በ1830ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በሌላ ገመድ ሊያስሩት አሰቡ፤ የራስ ዓሊን ልጅ፣ የእቴጌ መነንን የልጅ ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን በጋብቻ ሰጡት።

እዚህ ላይ ነገሩን በጥሞና እንመልከተው። ይህ ጋብቻ በፍቅር የተጀመረ አልነበረም። ለወላጆቹ ልጃቸው የሽፍታውን እግር የምታስር ሰንሰለት ነበረች። ለካሣም ከታላቅ ቤት ጋር መዛመድ ከስድብ መዳኛ፣ ወደ ሹመትም መወጣጫ ነበረ። ወይዘሮ ተዋበችም እንደ ዘመኑ መኳንንት ልጆች ሁሉ ቤተሰቦቻቸው ወዳዘዙአቸው ሄዱ። የወገን ግፊት ማለት ይህ ነው፤ ከዚህም የከፋ ጅማሬ ያላቸው ጋብቻዎች ጥቂቶች ናቸው።

ነገር ግን ወይዘሮ ተዋበች ሰንሰለት ሆነው አልቀሩም። ከጋብቻው በኋላ የሆነውን አንድ ነገር የዘመኑ ተራኪዎች እንዲህ ያስታውሱታል። ካሣ በጦርነት ቈስሎ በተኛ ጊዜ ቁስሉን የሚያክመው ሰው ላም እንዲታረድ ጠየቀ። በቤቱ ግን ላም አልነበረም። ስለዚህ ወደ አማቱ ወደ እቴጌ መነን ላከ። እቴጌ መነንም ላሙን ትተው የሥጋ ብልት ብቻ ላኩለት። ይህ በአገራችን ልማድ ከመንፈግ ይልቅ የከፋ፣ አማቹን እንደ ሎሌ የመቍጠር ውርደት ነበር። በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ተዋበች በሁለት ወገኖች መካከል ቆሙ። በአንድ በኩል ያሳደጓቸው፣ ማዕረግ የሰጧቸው፣ ቤተ መንግሥቱን የያዙት አያታቸው ነበሩ። በሌላው በኩል ደሃ፣ የቈሰለና የተናቀ ባል ነበረ። እርሳቸውም የባላቸውን ውርደት እንደ ራሳቸው ውርደት ቈጠሩት፤ ባላቸውንም ከዚህ ንቀት ተነሥቶ እንዲወጣ አበረቱት ይባላል።

አንባቢ ሆይ፣ ከሰው ጉትጎታና ከፍቅር መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ስፍራ ይገለጣል። በጉትጎታ ያገባ ሰው ጉትጎታው በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይለወጣል፤ ዘመድ ስለ ወደደለት ያገባትን ዘመድ በጠላበት ቀን ይተዋታል። ወይዘሮ ተዋበችን ወደ ካሣ ቤት ያስገባቸው የወገኖቻቸው ትእዛዝ ነበር፤ ወገኖቻቸው ፊታቸውን ባዞሩ ጊዜ ግን በዚያ ቤት ያጸናቸው ሌላ ኃይል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ከዚህም የበለጠ ነበር። ካሣ ከባለቤቱ ወገኖች ጋር አንድ ጊዜ እየታረቀ፣ ሌላ ጊዜ እየተዋጋ ከቈየ በኋላ፣ ኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ድል አደረገ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ደግሞ አይሻል ላይ ከራስ ዓሊ ጋር ተዋግቶ የየጁዎችን የረጅም ዘመን የበላይነት አፈረሰ። ራስ ዓሊ ሸሽተው ሄዱ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሥልጣናቸው አልተመለሱም። አባት በባል እጅ ሲሸነፍ ማየት ለአንዲት ሴት ምን ያህል መራራ እንደሆነ ለመናገር ቃል አይበቃም። ቢሆንም ወይዘሮ ተዋበች ከባላቸው አልተለዩም፤ ካሣም የጠላቱ ልጅ ናት ብሎ አላራቃቸውም። በዚያ ዘመን ወዳጅነት ሲፈርስ ጋብቻም አብሮ መፍረሱ የታወቀ ልማድ ነበር። እነርሱ ግን ልማዱን ተላለፉ።

ከዚህም በላይ ሁለቱ በሥጋ ወደሙ የጸና ጋብቻ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ከመኳንንቱ ብዙዎቹ የቁርባን ጋብቻን ይሸሹት ነበር፤ ምክንያቱም በቁርባን ያገባ ሰው ሚስቱን እንደ ወደደ ፈትቶ ሌላ ሊያገባ አይችልም። የመኳንንት ጋብቻ በፖለቲካ ነፋስ የሚዞር ስለ ነበር በሩን ክፍት አድርገው መኖርን ይመርጡ ነበር። ካሣና ተዋበች ግን በሩን ዘጉት። ወደፊት የሚመጣውን ሳያውቁ በአንድ ማዕድ ፊት ቀርበው ራሳቸውን ለሁልጊዜ አሰሩ።

የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ደረስጌ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ፣ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ተዋበችም እቴጌ ሆኑ። ንጉሡ በመጀመሪያዎቹ የመንግሥታቸው ዓመታት ካወጧቸው ትእዛዞች አንዱ ሰው ሁሉ ዕቁባቱን ትቶ በአንዲት ሚስት እንዲጸና የሚያዝዝ ነበር። ይህን ትእዛዝ ለሌላው ሲያውጁ ራሳቸው በተግባር ይፈጽሙት እንደ ነበር የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ መስክረዋል። ዙፋን የያዘ ሰው ወራሽ እንዲያፈራ ስንት ወገን እንደሚገፋፋው የታወቀ ነው። እቴጌ ተዋበች ግን ወራሽ የሚሆን ወንድ ልጅ አልወለዱም። ይሁን እንጂ ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ሰበብ አልተዉአቸውም። የቍጣቸውን እሳት የሚያበርድላቸው የእቴጌይቱ ምክር እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ ብዙዎች ይናገራሉ።

እቴጌ ተዋበች በነሐሴ ወር 1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ሐዘኑ ንጉሡን ክፉኛ ጐዳቸው። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶም ወዳጆቻቸው የነበሩት ሁለቱ እንግሊዛውያን፣ ፕላውደንና ዮሐንስ ቤል፣ ተከታትለው ተገደሉ። ልብ የሚያካፍሉአቸው ሰዎች እያለቁ ሄዱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጋብቻ እንምጣ። ሚስት የሞተችበት ሰው ዳግመኛ ማግባቱ በቤተ ክርስቲያናችን የተፈቀደ ነውና ዐፄ ቴዎድሮስን ስለ ማግባታቸው የሚነቅፋቸው የለም። ጥያቄው እንዴትና ስለ ምን አገቡ የሚለው ነው። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ወይዘሮ ጥሩወርቅን መረጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በደረስጌ የተሸነፉት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። የመልካቸው ውበትና የዘራቸው ክብር በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። እርሳቸው ግን ልባቸው ወደ ምንኵስና ያዘነበለ እንደ ነበር ይነገራል። አባታቸው ከጦርነቱ ቀን ጀምሮ የንጉሡ እስረኛ ነበሩ። እንግዲህ የአባቷን የሰንሰለት ቍልፍ በእጁ የያዘ ሰው ለጋብቻ ሲጠይቃት፣ ለዚያች ልጅ እንቢ ማለት ምን ያህል ይቻላት ነበር? ከአፍ የወጣው እሺ ከልብ የወጣ መሆኑንስ ማን ሊያውቅ ይችላል? ምናልባት እርሳቸው ራሳቸውም አላወቁትም ይሆናል፤ የታፈነ ሰው ትንፋሹ የራሱ ይሁን የፍርሃት ለይቶ አያውቅምና።

ንጉሡም በበኩላቸው ተታልለዋል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ያጡት አንዲት ታማኝ ሴትን ነበር። እርሷም ደሃ ሳሉ ያከበረቻቸው፣ በተሰደቡ ጊዜ የተሰደበችላቸው ነበረች። ያንን ጸጋ እንደገና በሥልጣን ለማግኘት ፈለጉ። ነገር ግን ጥሩወርቅ ተዋበች አልነበሩም። ንጉሡ የወደዱት በፊታቸው የቆመችውን ሴት ሳይሆን በእርስዋ አማካይነት ሊመልሱት የተመኙትን ያለፈ ዘመናቸውን ይመስላል። ደግሞም የንጉሥ ዘር ነኝ የምትል ልጅ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለውን ስድብ ታጠፋልኛለች ብለው ተስፋ አድርገው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ምኞት የሰውን ልብ እንደ ፍቅር ያሞቃል፤ እንቅልፍም እንደ ፍቅር ይነሣል። ነገር ግን ወደ ሌላው አይመለከትም፤ ወደ ራሱ ቍስል ብቻ ይመለከታል።

ፍሬው ወዲያው ታየ። ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ቢወለዱም ባልና ሚስቱ አልተቀራረቡም። እቴጌ ጥሩወርቅ ባላቸውን በዘር እንደሚበልጡ ሰው ይቈጥሩአቸው እንደ ነበር፣ ንጉሡ በገቡ ጊዜም መዝሙረ ዳዊት ከማንበብ ቀና እንደማይሉ ተተርኳል። ንጉሡም ይተመኝ የተባለችውን የየጁ ሴት ይዘው በአንድ ሚስት መጽናትን ያዘዘውን የራሳቸውን ዐዋጅ አፈረሱ። እነሆ፣ በፍቅር ጸንተው የኖሩት ያው ሰው ናቸው፤ ሕጉም ያው ሕግ ነው፤ የጐደለው ልባቸው ያረፈበት እውነት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥፋት ሁሉ፣ በየአውራጃው የተነሣውን ዐመፅ፣ የእስረኞችን ሥቃይና በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን መቃጠል በአንዲት ሴት ሞት ማመካኘት አይገባም። ለዚያ ብዙ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት፤ ንጉሡም ለሥራቸው ኃላፊ ናቸው። የተረፈው ቤተሰብ ዕጣ ግን ልብ ይነካል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በእንግሊዝ ጦር ፊት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር እንደ ታረቁና ልጃቸውን አደራ እንዳሉ ይነገራል። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን በመጓዝ ላይ ሳሉ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሞቱና በትግራይ በጨለቆት ተቀበሩ። ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስደው በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በዊንዘር ነው። ምናልባት ያ የመጨረሻ ቀን ዕርቅ፣ ዙፋኑና ዝናው ከመካከል ተነሥቶ ሁለቱ ሰዎች እንደ ሰው የተያዩባት የመጀመሪያዋ ሰዓት ነበረች።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በመጽሐፍ ቅዱስ የዳዊት ልጅ አምኖን ትዕማርን እወዳታለሁ ብሎ እስኪታመም ድረስ እንደ ከሳ፣ ፈቃዷን ረግጦ ምኞቱን ከፈጸመ በኋላ ግን ወዲያው እጅግ እንደ ጠላት ተጽፏል። ያዕቆብ ደግሞ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት አገልግሎ፣ በአማቱ ከተታለለም በኋላ ሌላ ሰባት ዓመት ጨመረ። የአምኖንም ልብ ነድዶ ነበር፤ የያዕቆብም ልብ ነድዶ ነበር። ስለዚህ የልብ መንደድ ብቻ መለያ አይሆንም። መነሻውም ብቻ መለያ አይሆንም፤ የተዋበች ጋብቻ በግፊት ተጀምሮ ፍቅር ሆኗልና። ነገር ግን ይህን ሰምቶ ልጁን በግድ የሚድር አባት ከዚህ ታሪክ ምክንያት እንዳያገኝ እንጠንቀቅ። ፍቅሩን ያበቀለው ግፊቱ አይደለም፤ ሁለቱ ሰዎች ከግፊቱ ተላቀው በገዛ ፈቃዳቸው መተያየታቸውና መተሳሰራቸው ነው። ጥሩወርቅን ያገቡት ንጉሥም እንደ አባት በግድ አዝዘው ቢሆን የመከራው ዘር ያው በሆነ ነበር። በፍትሐ ነገሥት የተጻፈው የጋብቻ ሕግ የሁለቱን ፈቃድ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጋብቻ የሚቀርብ ሰው ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። መጀመሪያ፣ እኔ የምፈልገው ሰው እኔን እንቢ ለማለት ይችላልን? በገንዘቤ፣ በውለታዬ፣ በወላጆቹ ዕንባ ወይም በይሉኝታ ታስሮ ከሆነ እሺታው ገና አልተሰማም። ሁለተኛ፣ የምወደው እርሱን ነውን ወይስ በእርሱ የምሸፍነውን ጉድለቴን? ብቸኝነቴን፣ ስድቤን ወይም የቀድሞ ሐዘኔን ለመፈወስ ብቻ የተፈለገ ሰው መድኃኒት እንጂ ወዳጅ አልሆነልኝም፤ መድኃኒቱም ባልሠራ ቀን እጠላዋለሁ። ሦስተኛ፣ ዛሬ የሚያጨበጭቡልን ሰዎች ነገ ፊታቸውን ቢያዞሩ፣ ከታላቅ ቤት የሥጋ ብልት እየተላከልን ብንናቅ፣ በዚያ ቀን ከጐኑ ለመቆም እፈቅዳለሁን? ለዚህ መልሱ በአንድ ቀን አይገኝምና መታገሥ፣ ከንስሐ አባት ጋር መማከርና በጸሎት መቈየት ያስፈልጋል። የቸኰለ ሠርግ ይህን ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጥም።

ወላጆችና ጎረቤቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ምክር መስጠት ፍቅር ነው፤ ማስጨነቅ ግን ፍቅር አይደለም። ዕድሜሽ አለፈ የሚለው የቡና ላይ ጨዋታ ለተናጋሪው ቀላል ቢሆንም ለምትሰማው ልጅ መንገድ የሚያስት ምልክት ሊሆንባት ይችላል። ተጠራጥራ ጥቂት ልቈይ የምትለውን ልጅ እንድትቈይ እንተዋት፤ በእግዚአብሔር ፊት በእውነት የተነገረ እንቢታ በሐሰት ከተነገረ እሺታ ይሻላልና።

ሞጆ ላይ መንገዱ የጠፋው መንገደኛ አያፍርም፤ መኪናውን አቁሞ የአገሩን ሰው ይጠይቃል፤ ከተሳሳተም ገና ሳይርቅ ይመለሳል። ገና ቃል ኪዳን ያልገባችሁ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም በመገንጠያው ላይ ቆማችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። ቃል ኪዳን የገባችሁ ደግሞ ጅማሬያችሁ ያማረ ባይሆን ተስፋ አትቍረጡ፤ በክፉ ጅማሬ የተሰጠ ጋብቻ፣ ሁለቱም በፈቃዳቸው ራሳቸውን ከሰጡት፣ ፍቅር ሊሆን እንደሚችል የእቴጌ ተዋበች ሕይወት ምስክር ነው። ፍቅር የተባለ እግዚአብሔር ልባችንን መርምሮ እውነቱን ይግለጽልን፤ የገለጸልንንም ለመፈጸም ኃይሉን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።